ቀበቶ የሚጠይቀው አንጁሎ

አንጁሎ ሲሞት እንኳ በለጠኝ።

መርዶውን የነገረኝ ጠዋት ወደ ሥራ የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ እሱም እያለቀሰ። «ሲስተር፣ ዶክተር አንጁሎ አርፏል አሉ» አለኝና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። እኔ ሲስተር አይደለሁም፣ ጤና መኮንን ነኝ። አንጁሎም ዶክተር አልነበረም፣ እሱም እንደ እኔ ጤና መኮንን ነው። በአንድ ዓመት ተቀጥረን፣ ሶዶ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ብዙ ዘመን ሠርተናል። የሶዶ ሰው ግን እሱን ዶክተር፣ እኔን ሲስተር ብሎ ጨረሰ። አንጁሎ «ዶክተር አይደለሁም» ሲል አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ሳርም ደግሞ «እሺ ሲስተር» ይሉኛል።

ለቀብሩ ያልመጣ ሰው የለም። ከቦዲቲ በአውቶቡስ፣ ከትውልድ አገሩ ከሁምቦ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው አስፋልቱን ሞላው፤ መኪኖች በሌላ መንገድ እንዲዞሩ ተደረገ። መዘምራኑ ሲዘምሩ እኔ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ቆሜ፣ እኔ ስሞት ስንት ሰው ይመጣ ይሆን እያልኩ በልቤ እገምት ነበር። ግማሹም አይመጣም።

ከዚህ ሁሉ የከፋኝ ግን እናቴ ናት። ከእኔ ሌላ ልጅ የሌላት እናቴ ከጉኑኖ በማለዳ ተነስታ መጣችና እኔ ወዳለሁበት ዞር ብላም ሳታይ፣ በቀጥታ ከሟቹ እህቶች መሃል ገባች። «ታ ናኣው! ታ ናኣው!» እያለች ታለቅሳለች። በወላይትኛ «ልጄ ሆይ» ማለት ነው፤ ለወንድ ልጅ የሚባል ነው። እናቴ ወንድ ልጅ አልወለደችም። አንጁሎን ግን ከእኔ አጠገብ ካለው ክፍል አገኘችው።

እንዴት እንዳገኘችው ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ግን ሰውዬው ምን ዓይነት እንደነበረ ማወቅ አለባችሁ፤ ሰው ሲሞት ሁሉም ትሑት ነበር፣ ዝምተኛ ነበር ይባላል። አንጁሎ ትሑትም ዝምተኛም አልነበረም። ቦርጩን ቀድሞ አስገብቶ ነው በር የሚያልፈው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሸት፣ ጫማው ሁልጊዜ የተጠረገ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሥጋ ቤት ተቀምጦ ጥሬ ሥጋውን በዳጣ እያጠቀሰ፣ ግንባሩ በላብ እስኪርስ ሲበላ ላየው፣ ከሰዓት በኋላ ይሠራል ብሎ የሚገምት የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዘምር ነው፤ ዜማውን ሁልጊዜ ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጨርሰዋል። ሳቁ ግድግዳውን አልፎ ክፍሌ ድረስ ይገባል። እኔ በዚህ በኩል የታመመ ጉሮሮ በባትሪ እያየሁ፣ በዚያ በኩል ሐኪምና በሽተኛ ይሳሳቃሉ። ምን እንደሚያሳስቃቸው ለማወቅ ስንት ጊዜ ጆሮዬን እንዳቆምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስሙን ያወጣለት ቀበቶ ነው። ከገጠር የሚመጣ ሽማግሌ «ደከመኝ፣ ሰውነቴ አለቀ» ይላል፤ ከዚያ በላይ ነገር አይወጣውም። ድሮ ስንት ኪሎ ነበርክ ብትሉት፣ ሚዛን ላይ አውጥቶ የሚያውቀው ቡናውን እንጂ ራሱን አይደለም። ስለዚህ ከሳ አልከሳ በምን ይታወቃል? እኔ ዛሬ ያለውን ኪሎ መዝግቤ በወሩ ና እል ነበር። አንጁሎ «እስቲ አባባ፣ ቀበቶዎን ይስጡኝ» ይላል። ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ዘለበቱ ለዓመታት የተቀመጠበት ቀዳዳ ሰፍቶ፣ ዙሪያው ጠቁሮ ይታያል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ። በሁለቱ መካከል ያለውን በጣቶቹ ለክቶ፣ «ይሄን ያህል ሰው የት ሄደ አባባ?» ይላቸዋል። ሽማግሌው ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ያወራል። ለሴቶች ደግሞ መቀነት ነው፤ ስንት ጊዜ ይዞራት ነበር፣ አሁን ስንት ጊዜ ይዞራታል።

ቀጥሎ የመስቀልን ሥጋ ይጠይቃል። የወላይታ ሰው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር አጠራቅሞ፣ ለመስቀል በሬ ጥሎ፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ የሚበላ ነው። የወሩን ስም የረሳ ሽማግሌ እንኳ የመስቀልን ሥጋ እንዴት እንደበላ አይረሳም። «ዘንድሮ እንዴት ነበር? እንደ አምናው በሉት?» ይላል አንጁሎ። ሥጋው ፊቱ ቀርቦ እጁን የሰበሰበ ሰው አንድ ነገር አለው፤ እንደ ድሮው በልቶ የሚከሳ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ከዚያ ነው ሻርፕና ነጠላ አስወልቆ ከጥርስ እስከ እግር የሚያየው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይቸኩልም፤ ወረፋው በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ይደርሳል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሚስቱን ይዞ መጥቶ መጀመሪያ እኔ ጋ ገባ። «ሲስተር፣ ሚስቴ አይበላም፣ አይተኛም፣ ዝም ብሎ ያልቃል» አለኝ። መረመርኳት፣ ላቦራቶሪ ላክኋት፣ ምንም የለም፤ ቫይታሚን ጻፍኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ወረፋቸውን አንጁሎ በር ላይ ሲጠብቁ አየኋቸው። እሱ ሥጋውን ሲጠይቃት ሴትየዋ አለቀሰች። ልጇ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ድምፁ አልተሰማም፤ የእሱ ድርሻ ፊቷ ተቀምጦ እንዴት ትብላ? አንጁሎ መድኃኒት አልሰጣትም። የሰፈሯን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አስጠርቶ፣ ብቻዋን እንዳትበላ፣ በየተራ አብረዋት እንዲበሉ አደረገ። ሴትየዋ ስትሻላት ባልየው መጥቶ አመሰገነ። እኔን ደግሞ በኮሪደሩ ሲያልፍ «ደህና ዋልሽ ሲስተር» አለኝ። ቫይታሚኑን ማንም አላነሳውም።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ሠራተኛው ተሰብስቦ አንዱ አንዱን ይሂሳል። እጄን አውጥቼ «አንጁሎ ከታካሚ ጋር ወሬ ያበዛል፣ ወረፋ ያስረዝማል፣ የቀኑን ዕቅድ አያሟላም» አልኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። አንጁሎ ተነስቶ «ሂሱን ተቀብያለሁ፤ አማሬ ልክ ናት» አለና ተቀመጠ። በማግስቱ ወረፋው እንደ ትናንቱ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ። እኔ «በርቺ» ተባልኩ። ሰዓቱን የት ሰቀለው? እኔን በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ። ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ጡረታ እስክወጣም መስማቴ አይቀርም።

እናቴ መድከም የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ቤቷ ያለችውን ዳገት ሦስት ቦታ ቁጭ ብላ ነው የምትወጣው። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቀመጥ አለ። ፊቷ ውስጥ የማላውቃቸው አጥንቶች ብቅ ብቅ አሉ። አምጥቼ እኔ ጋ አስቀመጥኳት። አክታዋን አስመረመርኩ፣ ደረቷን ራጅ አስነሳሁ፣ ስኳሯን ለካሁ፤ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ የቀረ የለም። ሁሉም ንጹሕ ነው። የምርመራ ወረቀት ንጹሕ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ ንጹሕ ወረቀት ያስፈራኝ ጀመር፤ ስሙን የማንጠራው በሽታ ብቻ የቀረ መሰለኝ። እናቴ እጄ ላይ እያለቀች ነው ብዬ መጸዳጃ ቤት እየገባሁ አለቀስኩ። ወተት፣ እንቁላል፣ ገንፎ አቀርባለሁ። «እማዬ፣ ቀን እኔ በሌለሁበት ትበያለሽ?» እላታለሁ። «እበላለሁ ልጄ» ትለኛለች። አላመንኳትም። እንዳልጨነቅ የምትዋሽ መሰለኝ።

አንጁሎን ላማክር? እንዴት ተደርጎ! ጥርሴን ነክሼ ሀዋሳ ልወስዳት ዝግጅት ጀመርኩ።

አንድ ረቡዕ ቀጣይ ታካሚዬን ልጠራ በሬን ስከፍት እናቴን አየኋት። ቤት ነው የተውኳት። ካርድ አውጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከአንጁሎ በር ፊት ባለው አግዳሚ ላይ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወረፋ ይዣለሁ።»

«የማን ወረፋ?»

በአገጯ የአንጁሎን በር አሳየችኝ። «ቀበቶ የሚጠይቀው ሰውዬ ደህና አድርጎ ያያል አሉ። የጸሎት ቤት ሴቶች ናቸው የነገሩኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ» አለችኝ፤ ይህ በቂ መልስ እንደሆነ ሁሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። የራሴ ታካሚዎች ደግሞ እኔን ያያሉ። የሐኪም እናት ጎረቤት ሐኪም ጋ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ሰው ሌላ ምን ይመልከት?

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ተራዋ ደረሰና ድምፃቸው በግድግዳው ይሰማኝ ጀመር። ቃሉ አይለይም፤ የእሱ ወፍራም ድምፅ፣ የእሷ ቀጭን ድምፅ። ከዚያ እናቴ ሳቀች። ወራት ሙሉ አንድ ጊዜ ለማሳቅ ያልሆንኩት የለም፤ እሱ ጋ ከገባች አፍታ ሳይቆይ ከት ብላ ሳቀች። ሕመምተኛዬ ትከሻውን ገልጦ ይጠብቀኛል፤ እኔ ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው።

አንጁሎ በሬን ከፍቶ ብቅ አለ። «አማሬ፣ ነይ እስቲ።»

ስገባ የእናቴ መቀነት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «እማማ እኮ እንደ ጎረምሳ ነው የሚበሉት» አለኝ።

«ምን?»

እናቴ አቀረቀረች። «ሆዳም ሆነች እንዳትዪኝ ነው። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ድስቱን ጠርጌ እበላለሁ። ቤቴም እያለሁ ድንቹን ቀቅዬ ለነገ ያልኩትን ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ። ያረጀች ሴት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ እንዲህ በላሁ ብላ ለልጇ ታወራለች?»

ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሱ ነገረችው። ሐፍረቷን ለባዕድ አወጣችና ከእኔ ደበቀችው። ይህ ነገር ዛሬም ድረስ ይቆጠቁጠኛል።

አንጁሎ እጇን ወደ ፊት አስዘርግቶ፣ ጣቶቿ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠ። ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። የእጇን የደም ትርታ ያዝኩ፤ ይፈጥናል፣ አንዳንዱን ይዘላል። መፍጠኑን ቀደም ሲልም አይቼ በድካም፣ በፍርሃት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ከዚያ አንጁሎ «እማማ፣ ይሄን ሻርፕ ለእኔ ይስጡኝ» አለና አንገቷን ገለጠ።

እናቴ እንቅርት እንዳለባት የማላውቅ አይምሰላችሁ። ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሕፃን ሆኜ እቅፏ ውስጥ እሱን በጣቴ እየዳበስኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። እኛ አገር እንቅርት ያለባት እናት ብርቅ አይደለችም፤ በየቤቱ አለች። ለእኔ የእናቴ አንገት ማለት እሱ ነው፣ አፍንጫዋን በሽታ ነው ብዬ እንደማልጠረጥር ሁሉ እሱንም ጠርጥሬው አላውቅም።

ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ አንጁሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔም አክስት አላት፤ ማን ልብ ይላል? እኔም ሆዳምነቱን ባይነግሩኝ አልፈው ነበር። ዘመኑን ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ በስተርጅና ሥራ የሚጀምር እንቅርት አለ። ሰውነታቸውን ሞተሩ እንደማይጠፋ መኪና እያስሮጠው ነው፤ የበሉት ሁሉ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ደማቸውን ሀዋሳ እንላክ። የሚድን ነገር ነው፣ አማሬ።»

የሚድን ነገር ነው ሲለኝ አቅፌ ልስመው ፈለግሁ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ላንቀው ፈለግሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም፤ «የላቦራቶሪውን ወረቀት እኔ እሞላዋለሁ» ብቻ አልኩ።

ውጤቱ እንዳለው ሆነ። ልቧን የሚያረጋጋና እንቅርቱን የሚያቀዘቅዝ እንክብል ተጀመረላት። ቀስ በቀስ ልቧ ረጋ፣ ምግቡ ሰውነቷ ላይ መቀመጥ ጀመረ፣ ዳገቱን ሳታርፍ ወጣች። በቀጣዩ መስቀል መቀነቷ ወደ ድሮ ዙሩ ተመለሰ። ከጉኑኖ ለምስጋና ስትመጣ ለአንጁሎ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ ይዛ መጣች፤ ለእኔ ጎመን። «ጎመን ትወጃለሽ ብዬ ነው» አለችኝ። አውራ ዶሮውም ቢሆን ክፍሉ ውስጥ ታስሮ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው ሲጮህብኝ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ክትትሏ ሁሉ እሱ ጋ ሆነ። ቤት ውስጥ አንገቷን ልይ ስላት «አንጁሎ አይቶታል» ትለኛለች። እንክብሉን ሳትውጥ ቀርታ ስቆጣት ትኮሳተራለች፤ እሱ ሲቆጣት ትስቃለች። «ታ ናኣው እኮ ቁጣው ያምርበታል» ትላለች።

እኔም እሱን ማየት አላቆምኩም። ምን እንደለበሰ፣ ስንት ሰው እንደጠበቀው፣ ማን ምን እንዳመጣለት፣ ሁሉንም አያለሁ። ቅናት ሥራ ነው፤ ዓይን አያስከድንም። ስለዚህ አንድ ጠዋት በኮሪደሩ ሲያልፍ ከሱሪው ማሠሪያ አልፎ የተንጠለጠለውን የቀበቶውን ጫፍ ያየሁት እኔ ነኝ። ሚስቱ አላየችም፣ ሠራተኛው «ቦርጭ ቀነስክ፣ አማረብህ» ይለው ነበር።

ተከትዬው ክፍሉ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «ቀበቶህን ስጠኝ» አልኩት።

ሳቀ። እጄን ሳላጥፍ ስቆም ሳቁን ተወና ፈትቶ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጠቁሮ የሰፋ ቀዳዳ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ በምስማር የተበሳ።

«የመስቀል ሥጋ ዘንድሮ እንዴት ነበር?»

«አልቀመስኩትም፣ አማሬ» አለኝ። ያ ሥጋ ቤት ተቀምጦ በላብ የሚርሰው ሰውዬ!

አልጋው ላይ አስተኝቼ ሆዱን ስዳብስ፣ ከጎድኑ ሥር ጠንካራ ነገር እጄን ነካው። እሱም የእኔ እጅ የት ላይ እንደቆመ አወቀ። «ደህና ታያለሽ» አለኝ፣ ጣሪያውን እያየ። «ለነገሩ እድሜሽን ሁሉ ስታዪኝ ኖረሽ የለ።» እንደምቀናበት ማወቁን ያን ቀን አወቅሁ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቃችን በግድግዳው ወደ ባዶው ክፍሌ ገባ።

አዲስ አበባ ሄዶ ተመለሰ። ዘግይቶ ነበር። ያ ስሙን የማንጠራው በሽታ ነው፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ መድኃኒት አልነበረውም፤ የቀረውን ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር አሳለፈ፤ እናቴ ከጉኑኖ እየተመላለሰች አጠገቡ ትቀመጥ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሥራ ስገባ የአንጁሎ ክፍል ተቆልፏል፤ ሰዓቱ ግን ውስጥ ሆኖ ይቆጥራል። ጥቂት ታካሚ ካየሁ በኋላ «ቀጣይ» ብዬ በሬን ከፈትኩ። ከአግዳሚው የተነሳችው እናቴ ናት። ካርዷን ይዛለች።

«እማዬ፣ ቤት ላይሽ አልችልም ነበር?»

«ተራዬ ነው» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ሳልጠይቃት ሻርፗን ፈታች፣ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፣ አገጯን ቀና አድርጋ አንገቷን ሰጠችኝ።

«እሱ ነው የላከኝ» አለች። «ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ ‹የእኔን በሽታ ያየችው አማሬ ናት፤ ከእንግዲህ የእርስዎንም እሷ ታየዋለች፣ ምንም እንዳይደብቋት› አለኝ።»

ጣቶቼን አንገቷ ላይ አሳረፍኩ። ልጅ ሆኜ የማውቀው ቦታ፣ ያው ልስላሴ፣ ያው ሙቀት። ለስንት ዓመት ነፍገሽኝ ነበር አላልኳትም። «ምግብ እንዴት ነው?» አልኳት፤ እሷም የበላችውንና ያልበላችውን፣ የዋጠችውንና የዘለለችውን እንክብል፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እየሰማኋት አለቀስኩ።

የገዛ እናቴን እንኳ ለእኔ የሰጠኝ እሱ ሆኖ ቀረ። ይህንን አልረሳለትም።